የሚሸጎጥ መሣሪያ ስለ መምረጥ

አማርኛችን ለነገሮች ስም ሲያወጣ አስቀድሞ ጠባያቸውን የተመለከተ ይመስላል። ሽጉጥ የሚለው ቃል ሸጎጠ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሸጎጠ ማለትም በጉያ፣ በብብት ወይም በመቀነት ውስጥ አስገብቶ ደበቀ ማለት ነው። ጠመንጃ የሚለው ቃል ግን ቱርኮች «ታባንጃ» ከሚሉት ጋር የተዛመደ፣ ከውጭ የመጣ ቃል ነው። የሚያስገርመውም በቱርኮች ቋንቋ ታባንጃ የአጭሩ መሣሪያ ስም መሆኑ ነው። እኛ የባዕዱን ቃል ለረጅሙ ሰጥተን፣ ለአጭሩ ከገዛ ግሳችን ስም አወጣንለት። ስሙንም ያወጣንለት ከድምፁ ወይም ከገዳይነቱ ሳይሆን ከመደበቁ ነው። እንግዲህ ሽጉጥ መምረጥ፣ የቃሉን ሥር ለሚከተል ሰው፣ የሚደበቅ ነገር መምረጥ ማለት ነው። የሚደበቅ ነገር የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ አንዱ «የትኛው በደንብ ይደበቃል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የምደብቀው ከማን ነው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ጠይቆ ይበቃዋል።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ ነው። በወልቂጤ ከተማ መደብር ያለው ነጋዴ ሲሆን፣ በበርበሬ ወራት ወደ ቡታጅራ እየተመላለሰ የማረቆ በርበሬ ይገዛል። ሁለቱ ከተሞች በጉራጌ ተራሮች ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸው፤ ወልቂጤ በምዕራብ በኩል፣ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ላይ በጅማ መንገድ፤ ቡታጅራ ደግሞ በምሥራቅ በኩል፣ በሆሳዕና መንገድ ላይ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ። ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ የሚጓዘው ማለዳ ሳይነጋ ወይም ማታ ከመሸ በኋላ ነው። ከሚያውቃቸው ነጋዴዎች አንዱ በመንገድ ተዘርፎ ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ፣ የእኅቴ ልጅ እቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መሣሪያ ያውቃሉ። ከኮት ሥር የማትታይ፣ የማትከብድ፣ በክፉ ቀንም የማትከዳ ትንሽ ሽጉጥ የትኛዋ ናት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለምን?» አለኝ።

መሣሪያ ያውቃሉ ማለቱ ተዋጊ ነበሩ ማለቱ አይደለም። በመሣሪያ ግምጃ ቤት ብዙ ዘመን መዝገብ ያዥ ሆኜ ስለ ሠራሁ፣ ብዙ ዓይነት መሣሪያ በእጄ አልፎ እንደ ተቈጠረና እንደ ተመዘነ ስለሚያውቅ ነው። ጥያቄውን አልናቅሁበትም። ሠርቶ ያገኘውን ይዞ በሰላም ወደ ልጆቹ ለመመለስ የሚመኝ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና። ስለዚህ ተግሣጽ ሳላስቀድም፣ የጠየቀኝን በጠየቀኝ መንገድ መለስሁለት።

ሪቮልቨር የሚባለው ጥይቶቹ እንደ ትንሽ ከበሮ በሚሽከረከር የብረት ቤት ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው። ሳሙኤል ኮልት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1836 በአገሩ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ የአሠራሩ ሐሳብ ብዙ አልተለወጠም። የቀድሞዎቹ ወታደራዊ ሪቮልቨሮች ግን ለመሸጎጥ የተሠሩ አልነበሩም። የኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው ቦዴዮ፣ የእንግሊዝ መኰንኖች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የታጠቁት ዌብሊ፣ ሰባት ጥይት የሚይዘው የሩሲያው ናጋንት፣ ሁሉም በወገብ ላይ በግልጽ የሚንጠለጠሉ፣ ከባዶች፣ ባለቤታቸውም ሊያሳያቸው እንጂ ሊደብቃቸው የማይፈልግ መሣሪያዎች ነበሩ። ዌብሊ ብቻውን 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከአያት የወረሰውን እንዲህ ያለ ሽጉጥ ዛሬ ሊታጠቅ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ብረቱ አርጅቷል፤ ለአንዳንዱም የሚስማማ ጥይት ማግኘት ጭንቅ ነው። ቅርስነቱ ይበቃዋል።

ለመሸጎጥ ታስቦ የተሠራው ትንሽ ሪቮልቨር የከተማ ልጅ ነው። የኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ያለ ደንብ ልብስ ለሚሠሩ የፖሊስ መርማሪዎች ስድስት ጥይት የሚይዝ አጭር ሽጉጥ አወጣ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዚያ ያነሰ፣ አምስት ጥይት ብቻ የሚይዝ ሠርቶ በፖሊስ አዛዦች ጉባኤ ላይ አቀረበ፤ «ቺፍስ ስፔሻል» የሚለውን ስምም ያገኘው ከዚያ ነው። የዚህ ሽጉጥ አፈሙዝ ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ጥይት ሳይጐርስ ክብደቱ 550 ግራም ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ በአሉሚኒየም የተሠሩት ወደ 425 ግራም ወርደዋል፤ የሩገር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ ገሚስ አካሉ ፕላስቲክ የሆነው፣ ወደ 380 ግራም ደረሰ።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ «እንግዲያው የመጨረሻዋ ናት!» አለ። በዚህ ጊዜ መምህራን ለተማሪ የሚያስተምሩትን የፊዚክስ ሕግ አስታወስሁት። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወረወር መሣሪያውን ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መሣሪያው በቀለለ መጠን ወደ ኋላ የሚረግጥበት ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ በኪስ ውስጥ እጅግ የተመቸው ሽጉጥ በእጅ ላይ እጅግ የከፋው ነው። እጅን ስለሚያሳምም ባለቤቱ መለማመድ ይጠላል፤ ያልተለማመደውም ሽጉጥ በጭንቅ ቀን እንግዳ ይሆንበታል።

ሌላም አለ። በዚህ ዓይነቱ ሪቮልቨር ቃታው ሲሳብ መዶሻውን ወደ ኋላ ይጐትታል፣ የጥይቱንም ቤት ያሽከረክራል፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጣት እስከ 5 ኪሎ የሚደርስ ክብደት መሳብ አለበት። ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ዕቃ ላይ ዐሥር እጥፍ ክብደቱን የሚስብ ጣት አፈሙዙን ሳያዛንፍ ይቀራል ማለት ዘበት ነው። የማነጣጠሪያዎቹም መራራቅ ጥቂት ሣንቲ ሜትር በመሆኑ፣ በእጅ ላይ የማይታይ ስሕተት በዒላማው ላይ ጐልቶ ይታያል። ጥይቶቹም አምስት ናቸው፤ ካለቁ በኋላ አንድ በአንድ መመለስ ጊዜ ይፈጃል። በአገራችን የታወቀው ማካሮቭ በካዝናው ስምንት ይይዛል፤ ግን ክብደቱ 730 ግራም ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል መልካሙንም ነገርሁት። ሪቮልቨር ጥይቱ ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ይበቃል፤ የሚቀረቀር ካዝና የለውም። ጠርዙ ክብ በመሆኑ ልብስ አይዝም፤ መዶሻው የተሸፈነው ዓይነትም በሚወጣበት ጊዜ በገበር አይያዝም። እንግዲህ ሥራው የሚያስገድደውና ፈቃድ ያለው ሰው ምክሬን ቢጠይቅ፣ እጅግ ቀላሉን ትተህ ከብረት የተሠራውን፣ መዶሻው የተሸፈነውን፣ ቢወድቅ እንዳይተኵስ መከላከያ ያለውን ምረጥ እለዋለሁ። አፎቱም ቃታውን ጨርሶ የሚሸፍንና ቅርጹን የማይለቅ ይሁን፤ ሽጉጡ ያለበት ኪስ ቁልፍም ሆነ ሳንቲም አይግባበት፤ እቤት ሲደርስም ጥይቱ ለብቻው፣ ሽጉጡ ለብቻው ይቈለፍ። በቀረው ሁሉ ትዕግሥተኛ አሠልጣኝ ከውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ወደ መሸጎጡ እንምጣ። የጉራጌ ደጋ ማለዳና ማታ ይቀዘቅዛል፤ ነጋዴውም ከሸሚዙ ላይ ሹራብ፣ ከሹራቡ ላይ ኮት፣ ከኮቱም ላይ ጋቢ ይደርባል። ከዚህ ሁሉ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ በእውነት አይታይም፤ ግን ቶሎ አይወጣም። ዴኒስ ቱለር የተባለው የአሜሪካ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጩቤ የያዘ ሰው 6 ሜትር ተኩል የሚጠጋውን ርቀት በአንድ ሰኮንድ ተኩል ሮጦ እንደሚደርስ፣ ይህም የሠለጠነ ሰው ከአፎቱ አውጥቶ ለመተኰስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር እኩል እንደሆነ አመለከተ። ያ ሰው የሠለጠነ ነው፤ በላዩም ጋቢ የለም። ወንበዴ ደግሞ ከዚያ ርቀት አይጣራም፤ መጀመሪያ አጠገብህ ይደርሳል፣ ቀጥሎም ይናገራል። በደንብ የተደበቀው በጊዜው አይደርስም፤ በጊዜው የሚደርሰውም በደንብ አልተደበቀም። ይህን እንቅፋት ፋብሪካ አልፈታውም።

ከዚህ በኋላ የሕጉን ነገር አነሣን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ሽጉጥ በአገራችን እንደ ሰዓት በየመስኮቱ ተደርድሮ የሚማረጥ ዕቃ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የመረጠውን ሳይሆን ኮንትሮባንዲስት ያመጣለትን ነው። በዜና ተያዘ ሲባል ደጋግመን የሰማነውም የቱርክ ሥሪት ሽጉጥ ነው፤ ጠመንጃ የሚለውን ቃል ባገኘንበት አቅጣጫ ዕቃው ራሱ መጣ ማለት ነው። ሽጉጥን ከወንበዴ ዓይን መሸጎጥ ይቻል ይሆናል፤ ከመንግሥት መዝገብ መሸጎጥ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ፈቃድ ያለውም ቢሆን ነገሩ በቃታው አያልቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል። በሕጉ ላይ ደግሞ ባህል አለ። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ በክስታኔም ጎርደና ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ ኖረዋል፤ የሟች ወገን ከገዳይ ወገን ጋር እንደገና በአንድ ገበያ እንዲውል የሚደክሙት ሽማግሎች ናቸው። አንድ ሰኮንድ የሠራችውን ሸንጎው ለስንት ወራት እንደሚጐትተው የእኅቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ስለ ቤቱም ተነጋገርን፤ ሽጉጥ በመንገድ አንድ ሰዓት ቢቈይ በቤት የሚቈየው ሃያ ሦስት ሰዓት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 26 ሚሊዮን የሚያህሉ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋታቸው ዕድል 8 እጥፍ ያህል፣ ሴቶች ደግሞ 35 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ቡታጅራ ራሷ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ስሟ የሚነሣው በምን እንደሆነ ይጠይቅ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚያ አካባቢ የገጠር ጤና ፕሮግራም ካቋቋመ ወዲህ፣ ስለ አእምሮ ሕመም ብዙ ጥናት የተደረገው በቡታጅራና በዙሪያዋ ነው። የልብ መጨለም በሁሉም አገር አለ። ብዙውን ጊዜም ያልፋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ከአልጋው ራስጌ ምን እንዳለ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአክብሮት ሰማኝ፤ ሆኖም እንዳልረካ ከዓይኑ አወቅሁ። ምክር በጆሮ ሲገባና በወገብ ሲቀመጥ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብሁ። ከመደብሩ ግማሽ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አስመጣሁና፣ «ይህ ከምትፈልጋት ሽጉጥ በጥቂት ግራም ብቻ ቢያንስ ነው። ጫማ ሰፊ በቆዳ ይስፋልህ፤ በቀኝ ወገብህ ከኮትህ ሥር አድርገህ ሰባት ቀን ዙር። እውነተኛ ሽጉጥ እንደሆነም ቍጠረው፤ ማንም አይይብህ፣ ማንም አይንካብህ» አልሁት። ስቆ ተቀበለኝ።

በሳምንቱ ሲመለስ አይስቅም ነበር። የነገረኝንም እንደ ነገረኝ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ወገቡን አሳመመው፤ ይህ ቀላሉ ነው። በማግሥቱ ወደ ባንክ ሲሄድ ዘበኛው እንደ ልማዱ ሊፈትሸው እጁን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ በልቡ «ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ የት አኖረው ነበር?» አለ። ገንዘቡን የሚቀበለው ከባንክ፣ ግብሩን የሚከፍለው ከመሥሪያ ቤት፣ ልጁን የሚያስመዘግበው ከትምህርት ቤት ነው፤ በየበሩም ፍተሻ አለ። ሽጉጡን ሊጠብቅለት የሚፈልገው ገንዘብ ካለበት ስፍራ ሽጉጡ ሊገባ አይችልም። ከበር ላይ ለማያውቀው ሰው አደራ ቢሰጠው መደበቁ ቀረ፤ መኪና ውስጥ ቢተወው ለሌባ አዘጋጀለት።

በሦስተኛው ቀን ማታ እቤቱ ሲገባ የአምስት ዓመት ልጁ እንደ ወትሮዋ ሮጣ ወገቡን ልታቅፍ መጣች። ድንጋይ መሆኑን እያወቀ በእጁ ገታት። ልጅቱም ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ወደ እናቷ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ቡታጅራ መናኸሪያ ላይ ከአንድ ረዳት ጋር በጭነት ዋጋ ተጣላ። ረዳቱ በሰው ፊት የማይገባ ቃል ተናገረው። የእኅቴ ልጅ ቁጡ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን «ጋሼ፣ እጄ ሳላዘው ወደዚያ ሄደ። ኮቴንም ገለጠ» አለኝ። በኮቱ ሥር የነበረው የበርበሬ መመዘኛ ነው። ረዳቱ ግን ይህን አያውቅም፤ እርሱም ፊቱ ተለዋውጦ ከወንበር ሥር ብረት ሊያነሣ ጐንበስ አለ። ሰዎች በመካከል ገብተው ገላገሏቸው። የሃምሳ ብር ክርክር ነበር።

በስድስተኛው ቀን ለቅሶ ነበረበት። ሰዎቹ በጀፎረው ላይ፣ በሣሩ፣ በድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። ከሽማግሎች አጠገብ ሲቀመጥ ወደ ቀኝ መደገፍ አልቻለም፤ አጠገቡ ያለው አዛውንት ሊያጽናናው እጁን በትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ሰውነቱ ሸሸ። «ስለ ሟቹ እያሰብሁ አልነበረም፤ ስለ ወገቤ ነበር የማስበው» አለኝ።

በሰባተኛው ቀን የቆዳውን ከረጢት ከፊቴ አስቀመጠና፣ «ድንጋዩ ወደ ሚዛኑ ይመለስ» አለ።

ወንበዴ ጠፍቷል አላልሁትም፤ አልጠፋምና። የፈራው ነገር እውነተኛ ነበር፤ ስለዚህም ስለ ፍርሃቱ መፍትሔ አብረን ፈለግን። ወንበዴው የሚፈልገው ነጋዴውን አይደለም፤ ጥሬ ገንዘቡን ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህና ባንኮችም በስልክ ማስተላለፍን ካስለመዱ በኋላ፣ የበርበሬ ዋጋ ተራራ የሚሻገረው በሰው ጉያ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ከቡታጅራ ሻጮች ጋር ተስማምቶ ዛሬ ክፍያውን በባንክ ይፈጽማል፤ በኪሱ የሚይዘው ለምሳና ለመሳፈሪያ ነው። ጉዞውን ከነጋ በኋላ፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር አደረገ። ይህም ሁሉ ከአደጋ ፈጽሞ አያድንም፤ ሽጉጥም ፈጽሞ አያድንም። ልዩነታቸው፣ ይህኛው ባይሳካ የሚጠፋው ገንዘብ ሲሆን፣ ያኛው ባይሳካ የሚጠፋው ሰው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ምሳሌ ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስለኛል።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንችላለን። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው የሚደብቀው ከማን ነው? ከወንበዴው የሚደብቀው፣ ወንበዴው የመጣ እንደሆነ፣ በዓመት ወይም በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ከልጁ፣ ከሚስቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከሚያጽናናው አዛውንት ግን በየቀኑ መደበቅ አለበት። የጉራጌ አባቶች መንደራቸውን ሲያቀኑ በመካከሉ ጀፎረን የመሰለ ሰፊ ሜዳ ትተው ቤቶቻቸውን ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ያደረጉት፣ ሰው የሰውን አመጣጥ ከሩቅ እንዲያይ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በዚያ ሣር ላይ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ሰላምታም ከሩቅ ይቀበላል። ሥራው አስገድዶት፣ ሕጉ ፈቅዶለት፣ ሥልጠናውን ፈጽሞ የሚታጠቅ ሰው ይኖራል፤ ለእርሱም የትኛው እንደሚሻል ከላይ ተናግሬአለሁ። ለሌላው ሰው ግን፣ ሽጉጥ ከመምረጡ በፊት ግማሽ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ለሰባት ቀን ይሸጉጥ። ድንጋይ ውሸት አያውቅም፤ የሚመዝነውንም ሰው ትክክለኛ ክብደት ይነግረዋል።